አሜን ላይ የሚለቀቅ ጥይት

ዶጅ ዳርት መኪናቸው ከኮሎምበሱ ሰፈር ከኢስትሙር ወጥታ የላንካስተርን መንገድ ስትይዝ ሰማዩ ከፊት ለፊት መገርጣት ጀምሮ ነበር። መሪውን የያዘው ተፈሪ ነው። ከጎኑ ግራዝማች ጀማነህ ብርቱካናማ ሰደርያ በጥቁር ካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ችሎት ላይ የተሰየመ ዳኛ መስለው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሸዋረጋ ከኋላ ናት። ሁለቱ ጠመንጃዎች ባዶአቸውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እግሯ ሥር ተጋድመዋል። በየመታጠፊያው አንዱ ሌላውን ሲነካ ይሰማታል።

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር 1976 ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት አልሞላውም። የኦሃዮ መንግሥት አጋዘን በጠመንጃ ማደን የሚፈቅደው ደግሞ በዚሁ ሰሞን፣ ለአንድ ሳምንት ነው። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ «ፈረንጅ የሚያድነው እኛ እስክንጾም ጠብቆ ነው እንዴ?» ብለው ነበር።

«ይሻላል» አሏቸው ግራዝማች። «ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። በፍስክ ቢሆን ኖሮ ተፈሪ መንገድ ላይ ይጨርሰው ነበር።»

ተፈሪ የወይዘሮ ዘርፌ የወንድም ልጅ ነው። ሞርስ ሮድ ላይ ነዳጅ ማደያ ይሠራል። ሱዳንም ሳለ፣ አውሮፕላን ውስጥም፣ እዚህም ከመጣ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና በዚህ ሰደርያ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነው የመሰሉት።»

«ሕጉ ነው። ሌላው አዳኝ እንዳይተኩስብን።»

«እሺ፣ አጋዘኑስ? አጋዘኑ አያየንም?»

«ባለ እርሻው ሃርላን ቀለም አይለይም ብሎኛል።»

ተፈሪ መሪውን በመዳፉ መታ። «እዚህ አገር ቀለም የማይለይ አንድ ፍጡር ተገኘ፤ እሱንም ልንገድለው እየሄድን ነው!»

ከግራዝማች ሳቅ አልወጣም፤ ትከሻቸው ግን ሲነቃነቅ ሸዋረጋ ከኋላ አየች። ጭንቅላታቸውን ወደ ተፈሪ አላዞሩም። ካልዞሩ ደግሞ ጎናቸው የተቀመጠውን እንደማያዩት ከመኪናው ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ነሐሴ ላይ ዓይን ሐኪም ቤት ያስተረጎመችላቸው እሷ ናት። ሐኪሙ በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነርቡን እንደጎዳው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጨለማው ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እንደሚመጣ ነገራት። አንድም ቃል ሳትቀንስ በአማርኛ ነገረቻቸው። ግራዝማች አዳምጠው ሲጨርሱ «በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ እንደ ማየት ነው በዪው» አሉ። ነገረችው። ሐኪሙ በአፈሙዝ ውስጥ አይቶ አያውቅም መሰል፣ ራሱን ነቅንቆ ጻፈው። ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ክንዷን ያዙና «ለእናትሽ አትንገሪ» አሏት። ከዚያ በኋላ መኪና የማይነዱት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነው ተባለ።

ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር፣ የመስቀል ዕለት ያ ነገር ባይሆን ኖሮ።

በዚያን ጊዜ በኮሎምበስ የነበሩት ሐበሾች አንድ ሳሎን የሚበቃቸው ነበሩ። የሻምበል ገብረየስ ሳሎን ነው። ግራዝማች በዕድሜም በማዕረግም ትልቁ ስለሆኑ ከራስጌ ተቀምጠው ለጎረቤታቸው ቢራ ሊቀዱ ጠርሙሱን አነሱ። ቢራው ከብርጭቆው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሳያቋርጡ ቀዱ። ሻምበል ገብረየስ ጨዋታ ለማድረግ ብለው «ግራዝማች ጀማነህ ዒላማ ሳቱ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ብዙዎቹ የሚፈስሰውን ቢራ ያዩ ነበርና።

ግራዝማች ጠርሙሱን አስቀመጡ። «የዘንድሮን የገና ሥጋ ማንም እንዳይገዛ» አሉ። «ከዚህ አገር ዱር በገዛ እጄ ጥዬ አመጣለሁ።»

ይኸው ነው። ቢያመጡ ያ ቢራ ተራ ቢራ ሆኖ ይቀራል። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ግን በገና ዕለት እዚያው ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ የሚያቀብላቸው ሰው በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ዓይነ ስውር መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ ነው የሚያቀብላቸው። ሸዋረጋ እንደገባት አባቷ የፈሩት ይህን ብቻ ነበር።

የሃርላን እርሻ የደረሱት ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሃርላን ግራዝማች በሚሠሩበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ ላውንድሪ ውስጥ፣ አብሯቸው አንሶላ የሚያጥፍ፣ የበቆሎ ማሳና የዋርካ ያህል የገዘፉ ዛፎች ያሉት ኮረብታ ባለቤት ነው። ላውንድሪ ውስጥ ግራዝማችን «ጄምስ» ይላቸዋል። ባለ አሥራ ሁለቱን ጠመንጃ ለግራዝማች የሸጠላቸው እሱ ነው። ለሸዋረጋ ደግሞ የገዛ ሴት ልጁ በልጅነቷ የተማረችበትን፣ ነጠላ ጥይት የምትጎርሰውን ባለ ሃያ አውሷት ነበር። ባለ ሃያዋ ቁጥሯ ቢበልጥም ቀጠን ትላለች፤ ጥይቷም ከባለ አሥራ ሁለቱ ታንሳለች።

ሃርላን ከጋጣው ደጃፍ ቆሞ እጁን ወደ ኮረብታው ዘረጋ። ወንዱ አጋዘን ከዛፎቹ ሥር ወርዶ ወደ ማሳው ይመጣል፤ ቀንድ የሌላትን እንዳትተኩሱ፤ ፈቃዱ ለባለ ቀንድ ብቻ ነው። ሸዋረጋ ተረጎመች።

«አንተስ አትመጣም?» አሉ ግራዝማች ተፈሪን።

ተፈሪ ጫማውን አየ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው። «ልቤስ ደፋር ነው ጋሼ፤ ጫማዬ ነው ፈሪ። እኔ የመኪናውን ሂተር ከፍቼ በጸሎት አግዛለሁ።»

አባትና ልጅ በታጨደው በቆሎ አገዳ መሃል ሄዱ። እሷ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላ፣ ክንዷ ክንዳቸውን እንዲነካ አድርጋ ትራመዳለች። ከሩቅ ለሚያይ ልጅ በአባቷ የተደገፈች ይመስላል። የወደቀ ግንድ አገኙ፤ ከጀርባው ተቀመጡ። ሸዋረጋ የአንገት ልብሷን ፈትታ አራት አጠፈችና በካፖርታቸው ሥር፣ ሰደፉ በሚያርፍበት ትከሻቸው ላይ አደረገችው።

«ምንድን ነው?»

«ይመታዎታል አባባ።»

«እኔን?» አሉ። ግን አላወጡትም። ቆይተው «የኔ አባት ጨርቅም አላደረጉልኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ውጅግራ ነበር የሰጡኝ። ከኔ ቁመት ይበልጣል። አንዴ ብተኩስ ወደ ኋላ ጣለኝ፤ ትከሻዬ አብጦ እጄ አልነሣ አለ። ‹ይገርፉኛል› ብዬ ተደበቅሁ። አባቴ ባላምባራስ ፈልገው አገኙኝና ‹የትኛው ትከሻህ ነው?› አሉኝ። አሳየሁ። ሳሙት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ጥይት ሰጡኝ።»

ሸዋረጋ ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። ጂባት ሳሉ፣ አባቷ የምክትል ወረዳው ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ የራሷን የመጀመሪያ ጠመንጃ የሰጧት ዕለት ነግረዋታል። ሃያ ሁለት የምትባል ቀጭን የቤልጅግ ጠመንጃ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ሴት ልጅ እኮ ናት ጀማነህ!» አሉ። ጎረቤት የነበሩት ቄስም አልወደዱትም። አባቷ የተጣጠፈ ነጠላ በትከሻዋ ላይ እያደረጉ «ጠመንጃ ጢም አይጠይቅም» ብለው መለሱ፤ ሌላ ነገር አላሉም።

መተኮስ ያስተማሯት በጸሎት ነው። ታድኖ ቢላ ሳይደርስበት የሞተ አውሬ ሥጋው እርም ይሆናል። ስለዚህ አዳኝ ቃታ ከመሳቡ በፊት በሥላሴ ስም መባረክ አለበት ይሉ ነበር፤ ቢላው ቢዘገይ እንኳ ቡራኬው ቀድሞ እንዲደርስ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።» ስትጀምር ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ጥይቱ የሚለቀቀው አሜን ላይ ነው። ከአሜን በፊት የሚተኩስ ችኩል ነው፤ ከአሜን በኋላ የሚተኩስ ፈሪ ነው።

የመጀመሪያ ድኩላዋን ያገኘች ዕለት አባቷ ከጎኗ በርከክ ብለው ምንሽራቸውን ደግነው ነበር፤ «ምናልባት ብትስቺ» ብለው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባረኩ። አሜን ላይ ተኮሰች። ድኩላው ወደቀ። አባቷ ቀድመው ሮጡና አረዱት፤ እሷ ስትደርስ መዳፋቸው የድኩላው ብብት ላይ ነበር። «ያንቺ ጥይት ናት» አሏት። ቤት ያሉት አንድ ተኩስ ብቻ ነው የሰማነው አሉ። ማታ አባቷ ራሳቸው የግዳይ ቅቤ አናቷ ላይ አደረጉላት፤ ሰው ሁሉ ገዳይ ሲላት ሰነበተ። በ1967 ጠመንጃ ሁሉ ሲሰበሰብ ያቺ ሃያ ሁለትም ከምንሽሩ ጋር ሄደች። አባቷ ከማስረከባቸው በፊት ሁለቱንም በዘይት ሲወለውሉ አይታቸዋለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ የአደን ፈቃድ ለማውጣት የግድ የሆነውን ትምህርት ዌስተርቪል ሄደው አብረው ወሰዱ። አስተማሪው የተለያየ ጥይት የበሳው ካርቶን አዞረላቸው። የሃያ ሁለቷ ቀዳዳ እርሳስ በጭንቅ ያስገባል። ሸዋረጋ ካርቶኑን ይዛ ቆየች። መዳፋቸውን ሲያነሡ ከድኩላው ብብት ላይ ያየችው ቀዳዳ የአባቷን አውራ ጣት የሚያስገባ ነበር። ያ ቀዳዳ ሁልጊዜም ትዝ ይላታል፤ ስለ መጠኑ ግን አስባ አታውቅም ነበር። ሃያ ሁለት ያን ያህል አይበሳም።

ካርቶኑን ለአባቷ አሻገረችው። ግራዝማች ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ፤ የባለ አሥራ ሁለቱ አውራ ጣታቸውን አስገባ፣ የባለ ሃያዋ ሌባ ጣታቸውን ብቻ። «ምን አለ?» አሏት።

«ስለ መጠናቸው ነው» አለች።

«እንዴ?» አሉና ካርቶኑን ለቀጣዩ ሰው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አላነሡትም።

ከኮረብታው ላይ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ሸዋረጋ የአባቷን ክርን ነካች። ሁለት ሴት አጋዘኖች ወርደው በማሳው ዳር አለፉ። ከእነሱ ኋላ፣ ቆም እያለ፣ ወንዱ መጣ። ቀንዱ ሰፊ ነው። ከአንድ የደረቀ ጉቶ አጠገብ ቆሞ ራሱን ዝቅ አደረገ። የጉቶው ቅርንጫፎች ወደ ላይ ተከፍተው ቆመዋል።

«መጣ» አለች። «ፊት ለፊት። ከጉቶው በስተቀኝ።»

ግራዝማች ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደገፉ። አፈሙዙ በቀስታ ሄደና ቆመ።

«አየሁት» አሉ።

ሸዋረጋ በአፈሙዙ መስመር አየች። የቆመው ጉቶው ላይ ነው።

«ትንሽ ወደ ቀኝ አባባ።»

«ቀንዱን አይቻለሁ አልኩሽ። ዝም በይ፤ ይሰማናል።»

ወንዱ ራሱን ቀና አደረገ። ጆሮው ወደ እነሱ ዞረ። አንድ ቃል ብትጨምር ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ዛሬ አይመለስም። ግራዝማች ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሰማች።

«በስመ አብ...»

ባለ ሃያዋን አነሣች። ከአባቷ በስተቀኝ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች፤ ጨለማው ከዳር ስለጀመረ ግን አላዩዋትም።

«...ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ...»

ጉንጯ ሰደፉን ነካ። ሰደፉ በረዶ ነበር። የወንዱን ብብት አገኘች።

«...አሐዱ አምላክ፤ አሜን።»

ጉቶው ተሰነጠቀ። ወንዱ አንድ ጊዜ ዘለለና በጉልበቱ ወደቀ።

ሸዋረጋ ጠመንጃዋን ሰብራ ከፈተች። ትኩሱን ቀለህ በእጇ ይዛ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። መዳፏን አቃጠላት።

«ወደቀ?»

«ወደቀ አባባ።»

«በአንድ ጥይት?»

«በአንድ ጥይት።»

እጃቸውን ያዘችና ሮጡ። ሸንተረሩን ሲወርዱ ሁለቴ ተደናቀፉ፤ አልቆሙም። እንስሳው ገና ይተነፍሳል። ግራዝማች ተንበርክከው ቢላቸውን መዘዙ። «ምሥራቅ ወዴት ነው?» አሉ። ሰማዩ ደመና ነው፤ ፀሐይ የለም። ሸዋረጋ ጠዋት የመጡበትን መንገድ አስባ አሳየቻቸው። ቀንዱን ይዘው አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞሩት። እንደገና ባረኩና አረዱት። እጃቸው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ዓይን አላስፈለገውም።

ደሙ ሲያልቅ ቢላውን በሣር ጠረጉ። ከዚያ እጃቸው በጎኑ ላይ እየዳበሰ ሄደ። ቀዳዳውን አገኘ። አውራ ጣታቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። ገፋ አደረጉት፤ አልገባም። ሌባ ጣታቸውን ሞከሩ፤ ገባ።

ሸዋረጋ ቆማ ታያለች። ግራዝማች እንደተንበረከኩ መዳፋቸውን ቁስሉ ላይ ዘርግተው ከደኑት።

«ጥሩ ቦታ ነው» አሉ ብቻ።

ተፈሪ በነጭ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ እየጮኸ መጣ። «አንድ! አንድ ተኩስ ብቻ ነው የሰማሁት! ኧረ ጋሼ፣ ኧረ ገዳይ! አሁን ሻምበል ገብረየስን በስልክ ኮል አደርገዋለሁ፤ አሁኑኑ! ቀንዱን ተመልከቱ፣ ኮት መስቀያ ይወጣዋል!» ወንዱን ዞረው። «ጋሼ፣ ይፎክሩ እንጂ! ዘራፍ ይበሉ! ማን ይሰማናል ብለው ነው?»

«ጾም ነው» አሉ ግራዝማች።

«ፉከራ ደግሞ መቼ ነው ቅቤ የተጨመረበት?»

«እግሩን ያዝ።»

የተገደለ አጋዘን ሁሉ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ተመዝግቦ የብረት ምልክት ይታሰርበታል። የሚመዘገበው በአውራ ጎዳናው ዳር ባለች ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ካኪ ኮፍያ ያደረገ፣ አፍንጫው በብርድ የቀላ ሰውዬ መጣና የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ቀንዱን ቆጠረ። ጥሩ ነው አለ። ከዚያ ግራዝማችንና ሸዋረጋን በተራ አየና የገደለው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ምን አለ?» አሉ ግራዝማች።

«ማን ገደለው ነው የሚለው።»

ግራዝማች ኮፍያቸውን አወለቁ። «አንቺ መሆንሽን ንገሪው።»

ነፋሱ የሱቁን ሰሌዳ ያወዛውዛል። ተፈሪ ለውዝ ገዝቶ እየቆረጠመ ከበሩ ላይ ቆሟል። ሸዋረጋ አባቷ የተናገሩትን ሁሉ፣ በሐኪም ቤትም በቤት አከራይም ፊት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ስትተረጉም አራት ዓመት ሆኗታል።

«ማይ ፋዘር» አለች ለሰውዬው።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ እጁን ለግራዝማች ዘረጋ። የተዘረጋው እጅ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ነበርና ግራዝማች አላዩትም። ሸዋረጋ ክርናቸውን ነካች። ያኔ ጨበጡት። ፋዘር የምትለዋን ቃል ያውቋታል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ፋዘር ብሎ የሚጠራው ቄስ አለ። እጃቸው የሰውዬውን እጅ እንደጨበጠ ፊታቸው ወደ እሷ ዞሮ ቆየ።

ተፈሪ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ሰምቷል። ለውዙን መቆርጠም አቆመ።

ላንካስተርን እስኪያልፉ ከመኪናው ውስጥ የተናገረ አልነበረም። ተፈሪ ዝም ያለበት ከሁሉ የረዘመ ጊዜ ይኸ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ አፉን ከፈተ። «ጋሼ፣ ሻምበልን ኮል ላድርገው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ።»

ኢስትሙር ሲደርሱ ወይዘሮ ዘርፌ በመስኮት አይተዋቸው ነበር። በሩን ከፈቱ። ጎረቤት እንዳይሰማ በመዳፋቸው አፋቸውን ከልለው፣ ዝግ ያለች አንድ እልልታ አሰሙ። ጨው የሌለበትን ቅቤ ከሱፐርማርኬት ገዝተው፣ ሳህን ላይ አድርገው ሂተሩ አጠገብ አለስልሰውታል።

«ለሆድ አይደለም፤ ለጠጉር ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ጾሙን አይነካም። ቁጭ በል ጀማነህ።»

ግራዝማች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘርፌ በሁለት ጣታቸው ቅቤ አንሥተው ወደ አናታቸው ሲያስጠጉ ግራዝማች የእጃቸውን አንጓ ያዙ። ሳህኑን በመዳሰስ አግኝተው ተቀበሏቸው።

«ሸዋዬ፣ ነዪ።»

ሸዋረጋ ፊታቸው፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ግራዝማች የጠጉሯን መሃል በጣታቸው ፈለጉ። ቅቤውን አናቷ ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ተጫኑት።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ገዳዩ አንተ፣ ቅቤው ለሷ? ደግሞስ እሷን ጂባት ቀብተሃት የለም እንዴ?»

«የዛኔ ቀድሜ ቀባኋት» አሉ ግራዝማች። «ዛሬ ደረሰችበት።»

ሸዋረጋ ቀና አላለችም። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ መውረድ ጀመረ። እጇ ኪሷ ውስጥ የቀረችውን ቀለህ አገኘች፤ በርዳለች። አውጥታ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። ግራዝማች አንሥተው አፏን በአውራ ጣታቸው ለኩ፤ አልገባም። ራሳቸውን ነቀነቁና ኪሳቸው ጨመሯት።

ተፈሪ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «ታዲያ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «ለሻምበል ምን ልበል? እኔ የሚሉኝን ነው የምለው፤ ሱቁ ደጃፍ የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ግን ገና ሲደርስ መጠየቁ አይቀርም።»

ግራዝማች ቅቤ የነካውን እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ጀማነህ ዓይኑ ደክሟል በለው» አሉ። «የመስቀሉን ቢራ ያፈሰሰው ለዚህ ነው። ሥጋውን ግን አምጥቷል፤ ያስታጠቃት ልጁ አልሳተችም በለው።»

ሸዋረጋ እናቷን ቀስ ብላ አየች። ወይዘሮ ዘርፌ ጎንበስ ብለው የግራዝማችን ጭቃ የለበሰ ጫማ ይፈቱ ነበር። ክሩን እስኪጨርሱ ቀና አላሉም።

«ከነሐሴ ጀምሮ ጫማህን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከአልጋው በስተግራ የማስቀምጠው ለምን መሰለህ?» አሉ። ጫማውን ይዘው ወደ ጓዳ ሄዱ።

ተፈሪ አጋዘኑን ከመኪናው ሊያወርድ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ለራሱ ዝቅ አድርጎ ዘራፍ ሲል ተሰማ፤ ወዲያው ጾሙ ትዝ አለው መሰል አቋረጠው።

ግራዝማች አሁንም ተቀምጠዋል። ሸዋረጋ ለመነሣት እጇን ምንጣፉ ላይ ስትደገፍ ፊቷ ተኮሳተረ። አላዩትም፤ ትንፋሿን ግን ሰሙ።

«መታሽ እንዴ?»

«ትንሽ ነው አባባ።»

«የትኛው ትከሻሽ ነው?»

«ቀኙ» አለች፤ ካፖርቷን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን ወደ መሃል፣ ዓይናቸው ወደሚደርስበት አመጣችው።